በእንሰት መፋቂያ የቆመው ወንድ

የንስሐ አባታችን ራእይ ማየት የጀመሩት ጣሊያን ዘግቶት የነበረውን ቤተ ክርስቲያን መልሰው እንዲከፍቱ በፈቀደላቸው ሰሞን ነው። ከዚያ በፊት እንደ ማንኛውም ቄስ ነበሩ። ይቀድሳሉ፣ ያናዝዛሉ፣ በየቤታችን እየዞሩ ጸበል ይረጫሉ፣ ጠላው ከበድ ካለ ደግሞ እዚያው በተቀመጡበት ያሸልባሉ። ራእይ የሚባል ነገር አልነበረባቸውም። ይህን ሳወራ ዛሬም ቆሽቴ ያርራል። አርጅቻለሁ፤ ከሳቸው የባሰ የበደሉኝን ሰዎች ይቅር ብያለሁ። እሳቸውንም በጸሎት ጊዜ ይቅር እላቸዋለሁ፤ በማግስቱ እሳት ስጭር ትዝ ይሉኝና ይቅርታዬን መልሼ እወስዳለሁ።

ቤታችን ከቡታጅራ ወጣ ብሎ መስቃን ውስጥ ነበር፤ ከፊት በርበሬ፣ ከጓሮ እንሰት። ጣሊያን ከተማው ውስጥ ሰፍሮ ጠመንጃ መልቀም ሲጀምር ባሌ የራሴን አላስረክብም ብሎ ወደ ተራራው ወጣ። ከተጋባን ገና ነበር፤ ልጅም አልወለድንም። ቤት ውስጥ የቀረነው እኔና እናቱ ነን። የወጣ ዕለት በሩ ላይ ቆሞ፣ እናቱ እየሰሙ፣ እንዲህ አለኝ።

«እናቴ በናፈቅኳት ቁጥር ና ትለኛለች። እኔም አንጀቴ አይችልም፤ እመጣለሁ። ስለዚህ የሷን መልእክት አልሰማም። አንቺ ና ካልሺኝ ብቻ ነው የምመጣው።»

እሱ የነገሩን ክብደት ያወቀው አይመስለኝም። ነፍሱን ምላሴ ላይ አንጠልጥሎልኝ ሄደ። አማቴ ያን ቀን ያዩኝን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ ልጃቸውን ከእጃቸው ነጥቄ ጓዳ የደበቅሁባቸው ያህል ነበር።

መልእክት የሚያደርስልን ጎረቤታችን ነበር፤ በርበሬ ነጋዴ፣ ሙስሊም፣ ነገር የማያበዛ ሰው። በርበሬውን በአህያ ጭኖ በደጋው በኩል ወደ አረቅጥ ገበያ ሲወጣ ባሌን የሚያገኝበት መንገድ ነበረው። የት እንደሚያገኘው አልጠየቅሁትም፤ እሱም አልነገረኝም።

ስለ እግዚአብሔር ድምፅ የማውቀውን ያስተማሩኝ እኚሁ ቄስ ናቸው፤ ንዴቴ አልበርድ ያለውም ለዚህ ነው። የሰሜን ሰው ናቸው፤ ከንጉሡ ሹማምንት ጋር መጥተው እዚሁ የቀሩ። አማርኛቸው ይጣፍጣል። እኛ በጉራጌኛ አፋችን አማርኛውን እየሰባበርን ስንናገር አይስቁብንም ነበር። አዲስ ሙሽራ ሳለሁ «አባ፣ እግዚአብሔር ይናገራል ይላሉ፤ እኔ ግን ምንም አልሰማም» አልኳቸው።

«ጸሎትሽን ስትጨርሺ ምን ታደርጊያለሽ?»

«እነሳለሁ። ሥራ አለብኝ።»

«እሱ ሊናገር ሲል ነዋ የምትነሺው!» አሉኝ። «አንቺ ስትጨርሺ እሱ ይጀምራል። ትንሽ ቆዪለት።»

ከዚያ ወዲህ ቆየት ማለት ለመድኩ። ቤት ውስጥ ግን አልሆነልኝም። አማቴ «ምን ተጎልተሽ ነው?» ይሉኛል። ስለዚህ የምቆይበትን ቦታ ወደ እንሰት መፋቂያው አዛወርኩት። እንሰት የሚፋቀው ጓሮ ውስጥ፣ ከእንሰቱ መሀል በተጠረገ ቦታ ነው። ሴቶች እንጠራራና አብረን እንወርዳለን። መሬት ላይ ቁጭ ብለን፣ ቀሚሳችንን እስከ ጭናችን ሰብስበን፣ እንሰቱን በአንድ እግራችን ተረከዝ ሳንቃው ላይ ይዘን በቀርከሃ እንፍቃለን። ውሃው ሰውነታችንን ሁሉ ያርሰዋል። ስለዚህ ወንድ እዚያ አይደርስም። የአገራችን ደንብ ነው። ሽማግሌም ይሁን ሹም፣ የመፋቂያውን ድምፅ ከሰማ መንገዱን ይለውጣል፤ የግድ የሚፈልገን ከሆነም ከአጥር ውጭ ሆኖ ይጣራል። አንድ ቀን እባብ ገብቶብን ስንጮህ ባሌ አጥሩ ጋ ቆሞ «የት ጋ ነው? የት ጋ ነው?» ሲል ቀረ እንጂ እግሩን አላስገባም። እባቡን የገደሉት አማቴ ናቸው።

መስማት የተማርኩት እዚያ ነው። ቃል በጆሮዬ ሰምቼ አላውቅም፤ ሰማሁ የሚለኝንም አላምነውም። እጄ ሲፍቅ ሐሳቤ እየጠራ ይሄድና አንድ ነገር ይመጣል፤ ብዙውን ጊዜ የማልወደው ነገር። ትናንት የሰደብሻትን ሴት ቀድመሽ ሰላም በያት። ለዚያች መበለት ቆጮ ውሰጂላት፤ ከተቀበረበት ጉድጓድ ዳር ካለው ሳይሆን ከመልካሙ። «ምነው አንድ ቀን እንኳን ደስ የሚል ነገር ብታዘኝ!» እያልኩ እሟገተው ነበር። ከራሴ ሐሳብ የምለየውም በዚሁ ነው። የራሴ ሐሳብ ሁልጊዜ ለእኔ አድልቶ ነው የሚናገረው።

ታዲያ የጣሊያኑ ሹም በገበያ ቀን አዋጅ አስነገረ። ጠመንጃውን ይዞ የገባ ምሕረት ያገኛል፤ ወደ ቤቱ ተመልሶ እርሻውን ያርሳል። ከባሌ ጋር ተራራው ላይ የነበረው የአክስቴ ባል አዋጁን አምኖ ከመጀመሪያዎቹ ጋር ወረደ። የቀረው ሰው ግን አዋጁን ጆሮ ዳባ ልበስ አለው። ሹሙ ሲጠብቅ ቆይቶ ሰው ሲያጣ፣ የንስሐ አባታችን ራእይ መጣላቸው።

በማርያም ዕለት ወደ ቤታችን መጡ። አማቴ መስቀል ተሳለሙ፤ እኔም ተሳለምኩ። ጠላ ቀረበላቸው፤ አልጠጡም። ያኔ ነው የደነገጥኩት።

«እግዚአብሔር ተናግሮኛል» አሉ። ድምፃቸው እንደ ቅዳሴ ረዘም አለ። «ልጃችሁን አየሁት። ከተራራው ወርዶ፣ ሴቶቹ እንሰት በሚፍቁበት ቦታ መሀላቸው ቆሟል። ፊቱ ያበራል። ጠመንጃውን መሬት ላይ አኖረው፤ ሴቶቹም ሥራቸውን ትተው እልል አሉ። ከላይም ‹ልጄን ወደ ቤቱ አስገቡት› የሚል ድምፅ መጣ።»

አማቴ መሬት ስመው አለቀሱ። እኔ መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ አፌን በነጠላዬ ያዝኩ። ቀጥሎ የመጣው ሳቅ አልነበረም።

«አባ፣ የት ቆሞ ነው ያዩት?»

«ነገርኩሽ እኮ። እንሰት በሚፋቅበት።»

«በመሀላችን?»

«በመሀላችሁ።»

«ሴቶቹም እልል አሉ?»

«እልል አሉ፣ ልጄ።»

«እርስዎ እዚያ ቦታ ገብተው ያውቃሉ?»

«እኔ ምን ልሠራ እገባለሁ? የሴት ሥራ አይደል?» አሉ።

ያን ሁሉ ዘመን ከእኛ ጋር ሲኖሩ ይህን ደንብ የነገራቸው የለም፤ እሳቸውም ጠይቀው አያውቁም። ድምፁን ከመንገድ ይሰማሉ፣ ቆጮውን ይበላሉ፣ በቃ። ራእዩን ሲያሰናዱ ለእኛ የሚጥም መስሏቸው የእኛን ነገር ጣል አደረጉበት። ባሌ መሀላችን ቢቆም እንኳን እልል ልንል፣ በእጃችን ባለው ሁሉ እንወግረው ነበር። እሱም እዚያ ከሚቆም ጣሊያን ቢይዘው ይሻለዋል። እባብ ያላስገባውን ሰው ራእይ አስገባው! እግዚአብሔር እንሰቱን ፈጥሮ፣ እኛን ፈጥሮ፣ እንዴት እንደምንኖር ሳያውቅ ቀረ? ደሜ ፈላ።

«ይህ የእግዚአብሔር ድምፅ አይደለም፣ አባ። የእኛ ሰው እዚያ አይቆምም። እማ፣ እርስዎ ይንገሯቸው።»

አማቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ እንሰት ሲፍቁ የኖሩ ናቸው። እኔን ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ቀና ብለው አላዩኝም። «እግዚአብሔር ያለው ይሁን» አሉ።

ቄሱ ደንገጥ ብለው ነበር፤ ይህን ሲሰሙ በረቱ። «እግዚአብሔር በአገር ደንብ አይታሰርም። ድምፁን መስማት ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ፤ ዛሬ መልሰሽ እኔን ልታስተምሪኝ ነው? የንስሐ አባትሽን ቃል የናቅሽ ዕለት እሱን ናቅሽ» አሉኝ። ከዚያ ጠላውን ጠጡ።

ብዋሽ ምን ይጠቅመኛል፤ ንግግራቸው ገብቶ ወጋኝ። እውነት ነው፣ እግዚአብሔር ደንብ መሻር ይችላል። ከዚህ የባሰው ደግሞ እኔ ራሴ እንዲመጣ መፈለጌ ነው። ትቶት የሄደውን ጋቢ ለብሼ ነበር የምተኛው። ራእዩ የሰው ሥራ መሆኑን ባውቅም ምሕረቱ እውነት ቢሆንስ? በአንድ ቃሌ ቤቱ ሊገባ የሚችለውን ሰው በግትርነቴ ተራራ ላይ እየገደልኩት ቢሆንስ?

መፋቂያው ጋ ወረድኩና ጠበቅሁ። ምንም። በማግስቱም ምንም። ሴቶቹ ይጫወታሉ፣ እንሰቱ ይፋቃል፣ እሱ ዝም። «ስለ መበለቷ ቆጮ ስትናገር አፍ አለህ» አልኩት። «ባሌን ስጠይቅህ ዝም ትላለህ?» ሳላውቀው ጮክ ብዬ ኖሮ ጎኔ የተቀመጠችው ሴት «ከማን ጋር ነው የምትጣዪው?» አለችኝ። «ከማይመልስልኝ ሰው ጋር» አልኳት። የባሌ ነገር መስሏት ከንፈሯን መጠጠች።

በኋላ፣ ንዴቱ ራሱ ሲያደክመኝ ይመስለኛል፣ የሆነ ነገር መጣ። ይምጣ አላለኝም፤ አይምጣም አላለኝም። ሄደሽ እዪ ነበር የሚለው። የአክስትሽን ባል ጠይቂው፤ ስንቅ ቋጥሪለት። አክስቴ ሩቅ፣ ቸሃ ነበረች፤ ባሏ ከወረደ ወዲህ ወሬው አልደረሳትም። እኔ ደግሞ የጣሊያኑን ሰፈር በር ከሩቅ ሳየው መንገድ የምለውጥ ሰው ነኝ። እግር የሚያደክም፣ ነፍስ የሚያስፈራ ነገር፤ እንደ ልማዱ። ያኔ እሱ መሆኑን አወቅኩ።

ቆጮና ጎመን በእንሰት ቅጠል ጠቅልዬ በገበያ ቀን ቡታጅራ ገባሁ። በሩ ላይ ጠመንጃ ያነገበ ባንዳ ቆሟል፤ አማርኛ የሚናገር ጎልማሳ።

«ምን ይዘሽ ነው?»

«ስንቅ ነው፣ ጌታዬ። በምሕረት ለገባ ዘመዴ።»

«መቼ የገባ?»

«ከመጀመሪያዎቹ ጋር።»

ቅጠሉን ፈታ፣ ከቆጮው ቆረሰና ጎረሰ። እያኘከ «እነሱ ምግብ አይፈልጉም» አለኝ።

«ወደ ቤታቸው ሄዱ?»

«ሴትዮ፣ ካሚዮኑ ወሰዳቸው፤ ብዙም ሳይቆይ ባዶውን ተመለሰ። አሁን ቤትሽ ግቢ። እነሱን እየጠየቅሽ እዚህ አትዙሪ፤ ለራስሽ ብዬ ነው።»

የተረፈውን ቆጮ አልመለሰልኝም። እስከ ቤቴ ድረስ ስለ አክስቴ ባል እያለቀስኩ፣ ደግሞ እየተናደድኩ ሄድኩ። እግዚአብሔር ካህን እያለው፣ መቅደስ እያለው፣ በአንድ ባንዳ አፍ፣ ያውም የእኔን ቆጮ እያላመጠ ይናገረኛል? ያ ሰው ክፉ ነበር። ያችን ታህል እውነት ግን አልነፈገኝም። መስቀል የጨበጡት ነፈጉኝ።

የሰማሁትን ለአማቴ ነገርኳቸው። «መንገድ ሊያሠሯቸው ወስደዋቸው ይሆናል» አሉ። ቄሱ ደግሞ «የባንዳ ወሬ ይዘሽ ራእይ ልትሽሪ ነው?» ብለው ተቆጡ፤ ለንስሐ ልጃቸው ለባሌ የሚራሩ እሳቸው፣ የምጨክንበት እኔ ሆንኩ። ፈርተው ነበር፤ ይገባኛል። ሹሙ ቤተ ክርስቲያኑን መልሶ እንዳይዘጋባቸው ፈርተዋል። ፈርቻለሁ ቢሉኝ አብሬ አለቅስላቸው ነበር። ፍርሃታቸውን የእግዚአብሔርን ስም አልብሰው ቤቴ ድረስ ማምጣታቸው ነው ያልቻልኩት።

ብዙም ሳይቆይ በርበሬ ነጋዴው አህያውን ጭኖ በደጃችን ቆመ። «አሰላሙ አለይኩም» አለ እንደ ልማዱ፣ አማቴ በሩ ላይ መቆማቸውንም አየ። ቢሆንም አልዋሸም።

«እህቴ፣ እናቲቱ ከቄሱ ጋር ቤቴ መጥተው ነበር። ሚስትህ ና ብላሃለች በለው ብለውኛል። አደራው ያንቺ ነው፤ ከአንቺ አፍ ካልሰማሁ አልወስድም። ምን ልበለው?»

አማቴ ትንፋሻቸውን ይዘው ከኋላዬ ቆመዋል። ዞር ብዬ ባያቸው ኖሮ ምን እንደምል አላውቅም። አልዞርኩም።

«አትምጣ ብላሃለች በለው» አልኩት። «ምንም ብትሰማ አትምጣ። እናትህ ታመመች ቢሉህም፣ እኔ ሞትኩ ቢሉህም።»

ነጋዴው አህያውን ነድቶ ሄደ። አማቴ «አንቺ ሌላ ባል ታገኛለሽ። እኔ ሌላ ልጅ የለኝም» አሉኝ። ከዚያ በኋላ በአንድ ቤት እየኖርን፣ ጎን ለጎን እየፋቅን፣ ከግድ ነገር በቀር አላናገሩኝም። ቄሱም እስክትታዘዢ ድረስ አልፈታሽም ብለው ከቁርባን ከለከሉኝ። ቅዳሴውን ከቅጥር ውጭ ቆሜ መስማት ጀመርኩ። የሚያልፈው ሰው ያየኛል፤ ምን እንደሠራሁ የየራሱን ይገምታል።

ጣሊያን ገና ሳይወጣ አንድ ክረምት አማቴ ታመሙ። የበሉት አይረጋላቸውም፤ ሰውነታቸው አለቀ። አጥባቸዋለሁ፣ አገላብጣቸዋለሁ፤ ፊታቸውን ያዞሩብኛል። አንድ ቀን ግን እጃቸውን ዘርግተው እግሬን ያዙ። ከልጃገረድነታቸው ጀምሮ እንሰት የፋቀ እጅ ነው፤ ታመውም ብርቱ ነበር።

«ራእዩ ውሸት ነበር» አሉኝ። «ያን ዕለት ነው ያወቅሁት። ወንድ እዚያ አይቆምም። አውቄ ነው ዝም ያልኩት፤ እንዲመጣልኝ ብዬ። አሁን ስለ ራእይ አይደለም የምለምንሽ። ልየው። ና በይው።»

እግሬን አላስለቀቅኩም፤ ሄጄም ነጋዴውን አልጠራሁም። «አሁን ተናገር» አልኩት እግዚአብሔርን። «አሁን አንድ ቃል በለኝ። ይምጣ በለኝ፤ ወይም አይምጣ በለኝና የኔ ኃጢአት አይሁን።» አልተናገረም። እንደዚያ ጊዜ ለምኜው አላውቅም፤ እንደዚያ ጊዜም ዝም ብሎኝ አያውቅም። በእጄ የነበረው ያው የድሮው ነገር ብቻ ነው፤ ባዶውን የተመለሰው ካሚዮን። በመንገዱ ላይ ያሉት ጣሊያኖችም ያው ናቸው፤ ቡታጅራ ያለው ሹምም ያው ነው። አዲስ ነገር እስካልሰማሁ ድረስ የሰማሁትን አልተውም አልኩ። እግዚአብሔርን መስማት ማለት አንዳንዴ ይህ ብቻ ነው፤ ማንም ደስ የሚል ነገር ነው ብሎ እንዳያታልላችሁ።

አማቴ ልጃቸውን እየጠሩ ሞቱ። ሲሞቱ እጃቸው በእጄ ውስጥ ነበር። ይቅር ብለውኝ ይሁን ወይ ሌላ የሚይዙት እጅ አጥተው፣ አላውቅም።

ጣሊያን ሲወጣ ባሌ ወረደ። ጢሙ ወርዷል፣ ጠመንጃው ትከሻው ላይ ነው፣ በሕይወት አለ። ቤቱ በሰው ሞላ። የንስሐ አባታችንም መስቀላቸውን ይዘው መጡና፣ አይናቸውን በጨው አጥበው፣ በሰው ሁሉ ፊት «አላልኳችሁም? ራእዩ ተፈጸመ! ልጃችን ቤቱ ገባ!» አሉ። ሰውም «እውነት ነው» አለ። አንዳንዶቹ አለቀሱ። እኔ የአክስቴን ባል አስቤ፣ አማቴን አስቤ፣ የጠላውን ማሰሮ ይዤ ከአንዱ እንግዳ ወደ አንዱ እያለፍኩ ለሁሉም ቀዳሁ። ለሳቸው አልቀዳሁም። ዋንጫቸውን ዘርግተው ቆዩ።

በማግስቱ ባሌን ወደ እናቱ መቃብር ወሰድኩት። ብዙ ቆየ። ከዚያ ሳያየኝ ተናገረ።

«መታመሟን ሰምቼ ነበር። ያንቺን ቃል ነው ስጠብቅ የነበረው። ና እንድትይኝ እግዚአብሔርን ለመንኩት። ነጋዴው በመጣ ቁጥር አፍ አፉን አየሁት። ማን ነው የከለከለኝ?»

እግዚአብሔር ነው ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ውሸትም አይሆንም ነበር፤ እንደማምነው እውነት ነው። ብነግረውም ባሌ አንገቱን ደፍቶ አሜን ይላል፤ እኔም ነጻ እወጣለሁ። ሰው የማይከራከረው ስም ነው። ያንን ስም በቤታችን ውስጥ እንዴት እንደተጠቀሙበት አይቻለሁና ተውኩት።

«እኔ ነኝ» አልኩት።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን አብረን ኖርን፤ ልጆችም ወለድን። ያን ቀን ግን ከመቃብሩ ተነሳና እኔን ሳይጠብቅ ወደ ቤት ሄደ።